የአል ካፖኔ የአልካትራዝ ደብዳቤ ቀረበልኝ፤ ልግዛ ወይስ ልሽሽ?

ፖስታ ለቃሚ
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ሳነብ ከርሜ ዛሬ ገና መጻፌ ነው። የምሰበስበው በእጅ የተጻፉ የእስር ቤት ደብዳቤዎችን ነው። የማፍያ አለቆች፣ የወሮበላ ቡድን መሪዎች፣ የእነሱ ቀኝ እጆች የጻፏቸውን። እስካሁን ያሉኝ አራት ብቻ ናቸው። ሦስቱ የለንደኑ ወሮበላ የሬጂ ክሬይ ናቸው። አራተኛው ማንም የማያውቀው የአንድ የኒውዮርክ ሰው ነው። በርካሽ ስላገኘሁት ገዛሁት እንጂ ብዙም አላየሁትም።

አሁን አንድ ሻጭ የቺካጎው ወሮበላ አለቃ የአል ካፖኔ ነው ያለውን ደብዳቤ አቀረበልኝ። ከአልካትራዝ ደሴት ወህኒ በ1936 የተጻፈ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ሁለት ገጽ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ከነፖስታው። የጠየቀው ዋጋ ጨረታ ላይ ከሚወጣው አንድ አስረኛ አይሞላም። «ገንዘቡ ስለቸኮለብኝ ነው» ይላል። ይዘቱ ደግሞ ፀጉር ያቆማል። ማን እንደከዳው፣ ቺካጎ ውስጥ እነማን እንደሚጠብቁት፣ ሲወጣ ምን እንደሚያደርጋቸው ሁሉ ጽፏል። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ትላላችሁ?

ሌሊት አንባቢ
ሽሽ።

ቀለም ቀንድ
እኔም ሽሽ ነው የምለው፣ ግን ከነምክንያቱ። «ገንዘብ ቸኩሎብኝ ነው» የሚል ሻጭ ለምን ወደ ጨረታ ቤት አልሄደም? ካፖኔ ለልጁ ለሶኒ ከአልካትራዝ የጻፈው ሦስት ገጽ ደብዳቤ በ2016 ጨረታ ላይ ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው የወጣው። በ2021 ደግሞ የልጅ ልጆቹ የቤተሰቡን ዕቃ ሳክራሜንቶ ውስጥ ለጨረታ ሲያቀርቡ፣ ይወደው የነበረው ኮልት ሽጉጡ ብቻውን 860 ሺህ ዶላር ተጫርቶበታል። ይህን ገበያ የሚያውቅ ሰው በአንድ አስረኛ አይሰጥህም። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤውን ከየት አመጣው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሮጌ ቴምብር
ልጄ፣ እኔ ቴምብርና ፖስታ ስሰበስብ ፀጉሬ ሸብቷል። ስለ ዋጋው አልናገርም። ስለ ይዘቱ ግን አንድ ነገር ልበልህ።

አልካትራዝ የፌዴራል ወህኒ ሆኖ የተከፈተው በ1934 ነው። ካፖኔ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ከአትላንታ ወህኒ ወደዚያ ተዛወረ፤ ቁጥሩም 85 ሆነ። እዚያ ደሴት ላይ ደብዳቤ ሁሉ ይመረመር ነበር። የሚገባውም የሚወጣውም። ስለ ወንጀል፣ ስለ ሌላ እስረኛ፣ ስለ ጠባቂዎች የሚያወራ ነገር አያልፍም። እንግዲህ አስበው። «ስወጣ እገሌን እንዲህ አደርገዋለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ደብዳቤው ቴምብር ተለጥፎበት፣ ጀልባ ላይ ተጭኖ፣ ሳንፍራንሲስኮ ፖስታ ቤት ይደርሳል?

ቀለም ቀንድ የጠቀሰው የሶኒ ደብዳቤ ስለ ምን እንደሚያወራ ታውቃለህ? ስለ ሙዚቃ። ካፖኔ እዚያ ማንዶላ መጫወት ተምሮ ነበር። ስለዚያ ይተርክለታል፣ ቤተሰቡን ይጠይቃል፣ ልጁን ያበረታታል። መጨረሻ ላይ ፍቅሩንና መሳሙን ልኮ፣ ስሙን ጽፎ፣ ጎኑ 85 ብሎ ፈርሟል። እውነተኛ የእስር ቤት ደብዳቤ አሰልቺ ነው ልጄ። አንተን እንቅልፍ የሚነሳህ ደብዳቤ አንተን እንቅልፍ ለመንሳት የተጻፈ ነው።

ፖስታውን ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን። ፊቱንም ጀርባውንም።

ፖስታ ለቃሚ
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ፎቶውን ሻጩ የላከልኝ ነው፤ ይኸው ከታች። የላኪው አድራሻ ላይ ስሙ፣ «85»፣ ከዚያ «አልካትራዝ፣ ካሊፎርኒያ» ይልና አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር ይከተላል። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ሻጩን ስጠይቀው «የክፍሉ ቁጥር ነው» አለኝ።

ሌሊት አንባቢ
የክፍሉ ቁጥር 😂😂😂 ሆቴል መሰለው እንዴ?

አሮጌ ቴምብር
ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይህ ዚፕ ኮድ፣ ማለት የፖስታ አካባቢ መለያ ቁጥር ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት አምስት አኃዙን ዚፕ ኮድ ሥራ ላይ ያዋለው ጁላይ 1 ቀን 1963 ነው። አልካትራዝ ደግሞ እንደ ወህኒ የተዘጋው በዚያው ዓመት ማርች 21 ነው። ሦስት ወር ከምናምን ይለያያሉ። ስለዚህ ከዚያ ወህኒ የተላከ ማንኛውም ደብዳቤ፣ የካፖኔም ይሁን የሌላ፣ ዚፕ ኮድ ሊኖረው አይችልም። ካፖኔ ራሱ ከሞተ እኮ 16 ዓመት አልፎት ነበር። ያረፈው ጃንዋሪ 1947 ነው።

ቀለም ቀንድ
እኔ ደግሞ ወደ እስክሪብቶው ልሂድ። ሁለተኛውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት አለው። ፊደሉ በሚታጠፍበት ቦታ ትንሽ የቀለም ጓል ጣል ይላል። በመስመሩ መሐል ደግሞ ቀጭን ነጭ ጭረት አለ። ይህ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው እስክሪብቶ ነው። ቢክ በለው። የድሮ ብዕር እንዲህ አይጽፍም። ሲጫኑት ይወፍራል፣ ሲያነሱት ይቀጥናል፣ ወረቀቱ ውስጥም ይሰርጋል።

ባለኳስ እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ለገበያ የወጣው ኦክቶበር 29 ቀን 1945 ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ጊምብልስ የሚባል ትልቅ መደብር አንዱን በ12 ዶላር ተኩል ሲሸጥ ሕዝቡ ተጋፋ። ካፖኔ ደግሞ ከእስር የወጣው በ1939 ነው። ሒሳቡን ሥራው።

ወረቀቱ እጅህ ላይ ቢሆን ሦስተኛ ፈተና ነበር። የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ከ1950 አካባቢ ወዲህ ወረቀት ውስጥ ማንጪያ ኬሚካል መጨመር ተለመደ። በዚያ መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የ1936 ወረቀት ግን ደብዘዝ ብሎ ይቀራል። ትንሿ መብራት ርካሽ ናት፤ ደብዳቤ የሚሰበስብ ሰው ያለሷ መንቀሳቀስ የለበትም።

ፖስታ ለቃሚ
እሺ፣ ተውኩት። ለሻጩ ስለ ዚፕ ኮዱ ጻፍኩለት። መልሱ «ካልፈለግክ ሌላ ፈላጊ አለ» ነው። ከዚያ ዘጋኝ። ተሸውጄ ነበር ማለት ነው፤ ለትንሽ ነው ያመለጥኩት።

አሁን ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የሬጂ ክሬይዎቹስ?

ቀለም ቀንድ
ክሬዮቹ ሌላ ዓለም ናቸው። መንትዮቹ ሮኒና ሬጂ በ1969 ለንደን ውስጥ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ቢያንስ 30 ዓመት እንዲታሰሩ። ሮኒ በኋላ ብሮድሙር የሚባለው ጥበቃ ያለበት የአእምሮ ሆስፒታል ገባ፤ በ1995 ሳይለቀቅ ሞተ። ሬጂን በ2000 በካንሰር ሊሞት ሲል ለቀቁት። አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው የኖረው። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ ሰው አይመርጡም፣ ላገኙት ሁሉ ይጽፉ ነበር። ለዚህ ነው ደብዳቤያቸው ከአሜሪካኖቹ ርካሽ የሆነው።

የሬጂ እጅ ጽሕፈት የጉድ ነው። ዶሮ የጫረው ይመስላል። ይህ ግን ለፎርጀሪም ያመቻል፤ ማንም የማያነበውን ጽሑፍ ማስመሰል ቀላል ነው። ስለዚህ ከፊደሉ ይልቅ ወረቀቱን እይ። የእንግሊዝ ወህኒ ቤቶች የራሳቸው የታተመ የደብዳቤ ወረቀት ነበራቸው። ከላይ «ስትመልሱ ፖስታው ላይ ይህን ጻፉ» የሚል ማሳሰቢያ፣ ከዚያ የቁጥርና የስም ባዶ ቦታ አለው። ያንተዎቹ አላቸው?

ፖስታ ለቃሚ
ሁለቱ አላቸው። ሦስተኛው ተራ መስመር ያለው ወረቀት ላይ ነው።

ቀለም ቀንድ
ተራ ወረቀት መሆኑ ብቻውን አይኮንነውም፤ በተራ ወረቀትም ይጽፉ ነበር። ፖስታው ካለ ማኅተሙን እይ። ቀኑና ከተማው ሰውየው በዚያን ጊዜ ከነበረበት ወህኒ ጋር ይገጥማል? ፖስታ የሌለው የክሬይ ደብዳቤ እኔ አልገዛም። ለመቁረጥ የሚቸኩሉ ሰዎች አሉ፤ ቴምብሩን ይወስዱና ፖስታውን ይጥሉታል። (ጋሼ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም።)

አሮጌ ቴምብር
በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠያቂዋ
ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን ላበላሽ ነው። ሁላችሁም ስለ ቀለምና ስለ ወረቀት ነው የምታወሩት። እነዚህ ሰዎች ግን ገዳዮች ናቸው። አንድ ገዳይ «ናፍቀሽኛል» ብሎ የጻፈው ወረቀት 60 ሺህ ዶላር ሲያወጣ፣ የሟቹ እናት ምን ይሰማታል? አሜሪካ ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሕግ እንዳለ ሰምቻለሁ። ማንም አላነሳውም።

ቀለም ቀንድ
እህቴ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። ሕጉ ግን እንደሚወራው ቀጥ ያለ አይደለም። ኒውዮርክ በ1977 ወንጀለኛ ታሪኩን ሸጦ እንዳያተርፍ የሚያግድ ሕግ አወጣች። ሰዎች የሚጠሩት በአንድ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ቅጽል ስም ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 የመናገር ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። የሚገርመው፣ ለዚያ ክርክር መነሻ የሆነው ስለ ሄንሪ ሂል የተጻፈ መጽሐፍ ነው። የኒውዮርክ ማፍያ ውስጥ ኖሮ በኋላ መስካሪ የሆነው ሰውዬ። ኒውዮርክ ከዚያ በኋላ ሕጉን እንደገና ጻፈችው፤ ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸው አላቸው። ኢቤይ ደግሞ በ2001 የነፍሰ ገዳዮችን ዕቃ መሸጥ ከለከለ።

የእኔ መስመር ይህ ነው። ገንዘቡ ወደ ወንጀለኛው ኪስ የሚገባ ከሆነ አልገዛም። በሕይወት ያለ እስረኛ በአማካይ በኩል ደብዳቤውን ሲሸጥ አይቻለሁ። ያንን አልነካም። ከሞተ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ደብዳቤ ግን ታሪክ ነው።

ጠያቂዋ
ሃምሳ ዓመት ማን ቆጠረው? ካፖኔ ያስገደላቸውም የልጅ ልጆች አሏቸው።

ቀለም ቀንድ
አላቸው። መልስ የለኝም።

ሌሊት አንባቢ
የኋይቲ በልጀር ጨረታ ትዝ አለኝ። የቦስተን ወሮበላ መሪ። 16 ዓመት ተደብቆ በ2011 ሳንታ ሞኒካ ተያዘ። ዕቃውን የአሜሪካ ማርሻሎች በ2016 በጨረታ ሸጡት፤ ገንዘቡ ለተጎጂ ቤተሰቦች ነው የሄደው። ከዕቃዎቹ መሐል በአይጥ ቅርጽ የተሠራ የእርሳስ ማስቀመጫ ነበረ። ለፖሊስ ጆሮ ጠቢ የሆነን ሰው እዚያ አገር «አይጥ» ነው የሚሉት፤ እሱ ራሱ ደግሞ የኤፍቢአይ መረጃ ሰጪ ነበር ተብሎ ተመስክሮበታል። ይሄን ቀልድ ደራሲ ቢጽፈው አላምነውም ነበር።

በልጀር ደግሞ ደብዳቤ ሲጽፍ ለጉድ ነው። የፈረደችበት ጁሪ ውስጥ ከነበሩት አንዷ በኋላ ጻፈችለት፤ እሱም ከ70 በላይ ደብዳቤ ጻፈላት። በ2015 ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ አመራር የትምህርት ቤት ሥራ ሲሠሩ ጻፉለት። መለሰላቸው። ሕይወቴን በከንቱ አጠፋሁት፣ ቤተሰቤን አሳፈርኩ፣ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ወደ ሌላ ሰው ሂዱ የሚል ነበር። ከዚያ በ2018 በ89 ዓመቱ ወደ አዲስ ወህኒ በተዛወረ ማግስት እስረኞች ደብድበው ገደሉት።

ፖስታ ለቃሚ
የተማሪዎቹን ደብዳቤ ማን ነው ያለው አሁን?

ጠያቂዋ
አየህ? ወዲያው «ማን ነው ያለው» አልክ።

ፖስታ ለቃሚ
ተይዣለሁ። እውነት ነው።

ምንም አልገባኝም
ሰላም፣ አዲስ ነኝ። የሲሲሊ ማፍያ አለቆች ትናንሽ ወረቀት ላይ ይጻጻፉ ነበር ይባላል። ፒዚኒ። የፕሮቬንዛኖን ፒዚኒ በእጅ የተጻፈ፣ ከእስር ቤት የወጣ እየተባለ ሲሸጥ አየሁ። ልግዛ?

ቀለም ቀንድ
ሁለት ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር። ቤርናርዶ ፕሮቬንዛኖ ፒዚኒዎቹን የሚጽፈው በታይፕራይተር ነበር፣ በእጅ አይደለም። የሚጽፈውም ተደብቆ ሳለ ነው፣ ታስሮ አይደለም። 43 ዓመት ተሰውሮ ኖሮ ኤፕሪል 11 ቀን 2006 ኮርሌዮኔ አጠገብ አንዲት የገበሬ ጎጆ ውስጥ ሲያዝ፣ ታይፕራይተሩም ወረቀቶቹም አብረው ተገኙ። በደንብ ታጥፈው፣ በፕላስተር ታሽገው፣ የሰው ስም በቁጥር ተተክቶ። እነዚህ የጣሊያን መንግሥት ማስረጃዎች ናቸው። ከተያዘ በኋላ ደግሞ 41 ቢስ በሚባለው ጥብቅ እስር ነበር፤ እዚያ ደብዳቤ ሁሉ ሳንሱር ይደረጋል። እንደፈለገ ጽፎ የሚልክበት ሁኔታ አልነበረም። አትግዛ።

ምንም አልገባኝም
አመሰግናለሁ። ስሜን መቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም።

አሮጌ ቴምብር
ገንዘብ ለሌላችሁ ልጆች አንድ መንገድ ላሳያችሁ። የሜክሲኮው የአደንዛዥ ዕፅ አለቃ ኤል ቻፖ በ2019 ብሩክሊን ውስጥ ዕድሜ ልክና 30 ዓመት ከተፈረደበት በኋላ፣ ከኮሎራዶው ወህኒ ለዳኛው በእጁ እየጻፈ ይልካል። ቤተሰብ ይጠይቀኝ፣ እንዲህ ይደረግልኝ እያለ። ደብዳቤዎቹ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ይገባሉ። ቅጂያቸውን ማንም ማየት ይችላል። የሰውየውን እጅ ጽሕፈት ለማጥናት ከዚህ የተሻለ የለም። ሻጭ በሌላ ጊዜ «የእሱ ነው» ብሎ ሲመጣ ጎን ለጎን ታስቀምጣለህ። ጥርጣሬ የሌለበት አንድ ናሙና፣ ከአሥር የዋስትና ወረቀት ይበልጣል።

ቀለም ቀንድ
የአሜሪካ ፌዴራል እስረኛ ከሆነ ቁጥሩም ይረዳል። አምስት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሦስት አኃዝ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የተመዘገበበትን አውራጃ ያሳያሉ። የኒውዮርኩ ማፍያ አለቃ ጆን ጎቲ 18261-053 ነበር፤ 053 የብሩክሊኑ አውራጃ ነው። ፎርጅድ ሠሪዎች ቁጥሩን በትክክል ይገለብጡታል፤ ቦታውን ግን ይስታሉ። ጎቲ ከ1992 ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ማሪዮን፣ ኢሊኖይ ነው። በ2002 የሞተው ደግሞ ስፕሪንግፊልድ፣ ሚዙሪ ባለው የእስረኞች ሆስፒታል። የፖስታው ማኅተም ከዚህ ውጭ ከሆነ ጠይቅ።

ፖስታ ለቃሚ
ስለ አቀማመጥስ? የእኔዎቹ ተራ የፕላስቲክ ማህደር ውስጥ ናቸው።

አሮጌ ቴምብር
ዛሬውኑ አውጣቸው! ያ የሚሸት፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ይልጠዋል። ፖሊስተር የሆነ ማቀፊያ ግዛ። ላሚኔት እንዳታደርግ። የተቀደደውን በፕላስተር እንዳትለጥፍ። ግድግዳ ላይ ፀሐይ እንዳያገኘው። እስረኞች የሚጽፉበት ቢጫው ባለመስመር ወረቀት አሲድ አለው፤ ካልተጠነቀቅክ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። በእርሳስ የተጻፈው ግን ከሁሉም ይቆያል፣ ካላሻሸኸው።

ሌሊት አንባቢ
ደብዳቤዎቹን ስካን አድርጎ እዚህ መለጠፍስ ይቻላል?

ቀለም ቀንድ
ወረቀቱ ያንተ ነው፣ ቃሉ ያንተ አይደለም። የቅጂ መብቱ የጸሐፊው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ካፖኔ 70ው አልፎታል። ጎቲ ገና ነው። የምትለጥፍ ከሆነ ደግሞ የተቀባዩን ስምና አድራሻ ሸፍን። እህቱ ወይ ልጁ በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ልጨምር። ይህ ነገር እያለቀ ነው። ፌዴራል እስረኞች አሁን በኮምፒዩተር መልእክት ይጻጻፋሉ። ፔንስልቬንያ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ለእስረኛ የሚላክን ደብዳቤ ፍሎሪዳ ያለ ድርጅት ስካን እንዲያደርገው አድርጋለች፤ እስረኛው የሚደርሰው ቅጂ ነው። እናት የጻፈችውን ወረቀት እሱ በእጁ አይዘውም።

ጠያቂዋ
በዚህ እስማማለሁ። ይሄኛው እኔንም ያሳዝነኛል።

ፖስታ ለቃሚ
ጋሼ አሰልቺ ነው ካሉ በኋላ፣ ያንን የረሳሁትን የኒውዮርኩን ሰው ደብዳቤ አወጣሁት። የአንድ ትልቅ የማፍያ ቤተሰብ ተራ ወታደር ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ማኅተሙ ኦክቶበር 1988 ይላል። ለእህቱ የጻፈው ነው። አንድ ገጽ ተኩል። ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። አብሮት የታሰረው ሰው ማንኮራፋቱ መከራ እንደሆነበት። የእህቱ ልጅ ፈተናውን አለፈ ወይ። በቃ።

ጀርባው ላይ ግን በእርሳስ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ። ስገዛው ሚስጥራዊ ኮድ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የገዛሁትም ለዚያ ነው። አሁን በአጉሊ መነጽር አየሁት። ከቁጥሮቹ ጎን ደብዘዝ ያሉ ቃላት አሉ። ቴምብር 20፦ 5.00። ቡና፦ 3.15። ቱና፦ 4.20። ካልሲ፦ 2.25። ከሥሩ መስመር አስምሮ 15.60 ይላል። ከፊት ለፊቱ ገጽ መጨረሻ ላይ ደግሞ «15 ከ60 ላኪልኝ፣ ዝርዝሩ ከጀርባ ነው» ብሏል።

ሌሊት አንባቢ
የማፍያው ኮድ ካልሲ ሆኖ ተገኘ 😂

አሮጌ ቴምብር
በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ያለህ። ከካፖኔው ይበልጥብኛል። የቴምብሩ ዋጋም ገጥሟል፤ አሜሪካ ውስጥ ከኤፕሪል 1988 ጀምሮ የአንድ ተራ ደብዳቤ ቴምብር 25 ሳንቲም ነበር። ሃያው አምስት ዶላር። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው እስከዚህ አይጨነቅም።

ግን ልጄ፣ ድምሩን ሠራኸው? ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ 14.60 ነው የሚመጣልኝ። አንዷ ዶላር ከየት መጣች?

ፖስታ ለቃሚ
አሁን ደመርኩት። እውነትዎን ነው ጋሼ።

የገዛ እህቱን!